ከስኳር ዕቃው እስከ ሰሃኑ፦ ስኳርና ካርቦሃይድሬትን በልክ የመመገብ አሠራር

ስኳር ልቀንስ ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዳቦና ከሩዝ ነው። ድንቹን ይተዋል፣ ፓስታ ይፈራል፣ ሻዩን ግን እንደ ወትሮው በሦስት ማንኪያ ይጠጣል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ርቦትና ደክሞት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጥፋቱ የቆራጥነት ማነስ አይደለም፤ የተጀመረበት ቦታ ነው። ትልቁ ስኳር የሚጠጣው ውስጥ ተቀምጦ የሚታኘከው ተነካ። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ይለካል፣ ቀጥሎ ከሚጠጣው ይቀነሳል፣ ሰሃኑ ላይ የሚደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ይህን ያንብቡ

ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ፣ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ያሉ የደም ስኳርን የሚያወርዱ እንክብሎችን የሚወስዱ ከሆነ፣ ካርቦሃይድሬት ከመቀነስዎ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ። የመድኃኒቱ መጠን የተወሰነው አሁን በሚበሉት ልክ ነው። ምግቡ ቀንሶ መድኃኒቱ ባለበት ከቀጠለ የደም ስኳር ከሚገባው በታች ይወርዳል፤ ይህ ደግሞ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። እንደ ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ያሉትን የስኳር ሕመም መድኃኒቶች የሚወስዱም ካርቦሃይድሬትን በጣም ሲያሳንሱ ኪቶአሲዶሲስ የሚባለው አደገኛ የደም አሲድ መብዛት ሊያገኛቸው ይችላል። ለነፍሰ ጡርም ለብቻዋ የሚሰጥ ምክር አለና ከሚከታተላት የጤና ባለሙያ ጋር ትመካከር።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው

ካርቦሃይድሬት ስንል ስኳርን፣ ስታርችንና ፋይበርን አንድ ላይ ነው። ስታርች የግሉኮስ፣ ማለትም የቀላል ስኳር፣ ሰንሰለት ነው፤ ፋይበር ደግሞ አንጀት የማይፈጨው የተክል ክፍል ነው። ምራቅና አንጀት ሰንሰለቱን ይበጣጥሱታል፣ ግሉኮሱም ወደ ደም ይገባል። ቆሽት ይህን ሲያይ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ጡንቻና ጉበትም ግሉኮሱን ተቀብለው ያከማቹታል። መጋዘኑ ግን ጠባብ ነው፦ ጉበት 100 ግራም ገደማ፣ የአንድ አዋቂ ሰው ጡንቻዎች በሙሉ ተደምረው 400 ግራም አካባቢ ይይዛሉ። መጋዘኑ ሞልቶ በየዕለቱ ከሚያስፈልገው በላይ ሲጨመርበት ትርፉ በስብ መልክ ይቀመጣል።

ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ስኳር ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። ፍሩክቶስን በአብዛኛው የሚያስተናግደው ጉበት ነው። በብዛትና በአንድ ጊዜ ሲመጣበት፣ በተለይ በመጠጥ መልክ፣ ጉበት ወደ ስብ ይቀይረዋል። የጉበት ስብና ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ መጨመር አንዱ መነሻቸው ይህ ነው። ፍራፍሬም ፍሩክቶስ አለው፤ ልዩነቱ ስኳሩ በፋይበር ተሸፍኖ ቀስ እያለ መድረሱ ነው። አራት ብርቱካን ልጦ፣ አኝኮ ለመጨረስ ጊዜም ሆድም ይጠይቃል። የአራት ብርቱካን ጭማቂ ግን በሁለት ደቂቃ ያልቃል፣ ሆድም እንደበላ አይቆጥረውም።

ደረጃ 1፦ የስኳር ዕቃውን መመዘን

የወጥ ቤት ሚዛን ያስፈልጋል። ሚዛን ከሌለ የተከፈተው የ1 ኪሎ እሽግ በስንት ቀን እንዳለቀ መቁጠር ይበቃል።

በሳምንቱ መጀመሪያ ጠዋት የስኳር ዕቃውን ከነስኳሩ ይመዝኑና ቁጥሩን ክዳኑ ላይ በወረቀት ይለጥፉ። በሳምንቱ ውስጥ ስኳር ከተጨመረበት የተጨመረውን ይጻፉ። በ7ኛው ቀን ማታ እንደገና ይመዝኑ። በመጀመሪያው ቁጥር ላይ የተጨመረውን ደምረው የመጨረሻውን ይቀንሱ፤ የጎደለውን በቤተሰቡ ቁጥር፣ ከዚያም በ7 ያካፍሉ። የሚያገኙት አንድ ሰው በቀን ከስኳር ዕቃው ብቻ የሚወስደው መጠን ነው።

በዚህ ሳምንት ምንም አይቀንሱ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ እየተመዘነ መሆኑን ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል፣ ቁጥሩም ከእውነቱ ያንሳል። እንግዳ የበዛበት ወይም ኬክ የተጋገረበት ሳምንት ከሆነ ሌላ ሳምንት ይምረጡ።

አሁን ቁጥሩን ከመለኪያው ጋር ያነጻጽሩ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ነጻ ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2000 ኪሎካሎሪ ለሚመገብ ሰው 10 በመቶው 50 ግራም፣ 5 በመቶው 25 ግራም ነው። ነጻ ስኳር የሚባለው በፋብሪካ፣ በወጥ ቤት ወይም በራስ እጅ የተጨመረው ሁሉ ሲሆን ማር፣ ሽሮፕና የፍራፍሬ ጭማቂም ይገቡበታል። ሙሉው ፍራፍሬና ያልጣፈጠ ወተት ውስጥ በተፈጥሮ ያለው አይቆጠርም።

ምሳሌ እንውሰድ። አራት ሰው ባለበት ቤት 1 ኪሎ ስኳር በ5 ቀን ቢያልቅ፣ 1000 ለ4 ሲካፈል 250፣ ለ5 ሲካፈል 50 ግራም ይመጣል። ይህ ቤት ብስኩት ሳይከፍት፣ ለስላሳ ሳይገዛ ጣሪያው ላይ ደርሷል ማለት ነው።

ማንኪያውንም ይመዝኑ። አፉ በቢላ ጀርባ የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ስኳር ይይዛል። ከዕቃው ተዝቆ እንደተቆለለ የወጣው ግን 6፣ አንዳንዴም 7 ግራም ይደርሳል። በቀን አራት ስኒ ሻይ በሦስት ሦስት የተቆለለ ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 72 ግራም ያህል ይወስዳል። ማንኪያውን ብቻ ቢያስተካክል፣ ቁጥሩን ሳይነካ፣ 48 ግራም ይሆናል። አንድም ነገር ሳይከለከል 24 ግራም ቀነሰ።

ደረጃ 2፦ ከሚጠጣው መጀመር

የሚጠጣ ስኳር ሁለት ጉዳት አለው። በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ ደግሞም ስለማያጠግብ ከምግቡ ላይ ተጨማሪ ሆኖ ይቀራል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ መደበኛ ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ወደ ዘጠኝ የተስተካከለ ማንኪያ ነው። ያንን ያህል ስኳር በአንድ ስኒ ሻይ ውስጥ ቢጨመር ማንም አይጠጣውም። ለስላሳው የሚጠጣው ቅዝቃዜው፣ ጋዙና አሲዱ ጣፋጭነቱን ስለሚሸፍኑት ነው።

ለሻይና ለቡና ይህን ይከተሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የማንኪያውን ቁጥር ሳይለውጡ አፉን ብቻ ያስተካክሉ። በሁለተኛው ሳምንት ከሦስት ወደ ሁለት ተኩል፣ በሦስተኛው ወደ ሁለት፣ በአራተኛው ወደ አንድ ተኩል፣ በአምስተኛው ወደ አንድ ይውረዱ። በአንድ ቀን ከሦስት ወደ ባዶ መዝለል ብዙ ጊዜ አይጸናም፤ ምላስ አዲሱን ጣዕም ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል። ከለመደ በኋላ ግን የድሮው ሻይ ራሱ ያንገፈግፋል። አንዱ ደረጃ ከከበደዎት እዚያው ላይ ሁለት ሳምንት ይቆዩ፣ ወደ ላይ ግን አይመለሱ። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ ወይም ዝንጅብል መጨመር ባዶነቱን ይሸፍናል።

ለለስላሳ መጠጥ የሚሠራው ሌላ መንገድ ነው። ቤት ውስጥ አለማስቀመጥ ከማንኛውም ቃል ኪዳን ይበልጣል። በየቀኑ ይጠጡ የነበረውን ኮላ ሲያቆሙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፤ ይህ በአብዛኛው የካፌይን መቋረጥ ነው እንጂ «ሰውነቴ ስኳር ፈለገ» ማለት አይደለም። ቀስ በቀስ መቀነስ ወይም በለመዱት ሰዓት አንድ ስኒ ያልጣፈጠ ሻይ መጠጣት ያስታግሰዋል።

ጭማቂ ጤናማ ነው ብለው ከለስላሳ ወደ እሱ የሚሸጋገሩ ብዙ ናቸው። አንድ 250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ከ20 ግራም በላይ ስኳር አለው፣ ምንም ስኳር ሳይጨመርበት። ከተጠጣ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከምግብ ጋር ይሁን። ማርም እንዲሁ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል።

ካሎሪ የሌላቸውን ማጣፈጫዎች በተመለከተ፣ የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ክብደት ለመቆጣጠር ሲባል እንዳይዘወተሩ መክሯል፤ ምክሩ ቀድሞ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። እንደ መሸጋገሪያ ለጥቂት ሳምንታት መጠቀም ይቻላል። ችግራቸው ምላስን ከጣፋጭ ነገር አለማላቀቃቸው ነው።

ጥርስም አለ። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይሩታል፤ ፒኤች የሚባለው የአሲድ መለኪያ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 በታች ሲወርድ የጥርስ ሽፋን መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ ይህን ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከሰዓት በሙሉ ፉት ማለት፣ ያንኑ ጠርሙስ በአንድ ጊዜ ከምሳ ጋር ከመጠጣት ይልቅ ጥርስን የበለጠ ይጎዳል። ጥርስ ላይ የሚፈርደው መጠኑ ብቻ አይደለም፣ ድግግሞሹም ነው። ከለስላሳ ወይም ከጭማቂ በኋላ ወዲያው አይቦርሹ፤ በውሃ ተጉመጥምጠው ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠብቁ።

ደረጃ 3፦ ማሸጊያውን ማንበብ

የፊቱን ትተው ጀርባውን ያንብቡ። «ስኳር ያልተጨመረበት» ማለት ስኳር የለውም ማለት አይደለም፤ በፍራፍሬ ጭማቂ ወይም በደረቅ ፍራፍሬ የጣፈጠ ሊሆን ይችላል። «ቅባቱ የተቀነሰ» የሚለው እርጎ ደግሞ ያጣውን ጣዕም በስኳር ያካካሰ ሊሆን ይችላል።

ሠንጠረዡ ላይ «በ100 ግራም» የሚለውን ዓምድ ይፈልጉ። «በአንድ ድርሻ» የሚለው አምራቹ የወሰነው ነው፤ ድርሻው 25 ግራም ተብሎ እርስዎ 75 ግራም የሚበሉ ከሆነ ቁጥሩ ያታልልዎታል። ከካርቦሃይድሬት ሥር «ከዚህ ውስጥ ስኳር» የሚል መስመር አለ። በብሪታንያ የማሸጊያ የቀለም ምልክት መሠረት ጠጣር ምግብ በ100 ግራም ከ5 ግራም ያልበለጠ ስኳር ካለው ዝቅተኛ፣ ከ22.5 ግራም በላይ ካለው ከፍተኛ ይባላል። ለመጠጥ መለኪያው ግማሽ ነው፦ በ100 ሚሊ ሊትር 2.5 እና 11.25 ግራም። የትም አገር ለተሸጠ እሽግ ይህን መለኪያ መጠቀም ይቻላል።

ቀጥሎ የይዘት ዝርዝሩን ይመልከቱ። በብዙ አገሮች ደንብ መሠረት ዝርዝሩ የሚጻፈው ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው፤ ስኳር ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ከሆነ ምግቡ ጣፋጭ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ስኳሩ በተለያየ ስም ተከፋፍሎ ወደ ታች ይወርዳል። ሱክሮስ፣ ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ዴክስትሮስ፣ ማልቶስ፣ የበቆሎ ሽሮፕ፣ የጭማቂ ኮንሰንትሬት ሁሉም ስኳር ናቸው። ማልቶዴክስትሪን በስም ስኳር ባይባልም በደም ውስጥ የሚያደርገው የግሉኮስን ያህል ፈጣን ነው።

ለዳቦና ለቁርስ እህል አንድ ቀላል ሂሳብ አለ። ጠቅላላ ካርቦሃይድሬቱን ለፋይበሩ ያካፍሉ። ውጤቱ 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እህሉ በርከት ያለ ገለባውን ይዟል። 48 ግራም ካርቦሃይድሬትና 6 ግራም ፋይበር ያለው ዳቦ 8 ይመጣል፤ ጥሩ ነው። 50 ግራምና 2 ግራም ያለው 25 ይመጣል፤ ቀለሙ ቡናማ ቢሆንም ፉርኖ ዱቄት ነው። ቡናማነት በካራሜል ወይም በብቅል ቀለም ይመጣልና ዓይንዎን አይመኑ።

ደረጃ 4፦ ሰሃኑን ማስተካከል

እዚህ ድረስ የመጣ ሰው ብዙውን ሥራ ጨርሷል። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንች ጠላት አይደሉም፤ መጠናቸው፣ ዓይነታቸውና አብሯቸው የሚበላው ነው ውጤቱን የሚወስነው።

ዲያሜትሩ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሰሃን ይውሰዱ። ግማሹን ስታርች በሌላቸው አትክልቶች ይሙሉ፦ ጎመን፣ ካሮት፣ ቲማቲም፣ ፎሶሊያ፣ ሰላጣ። ሩቡ ለፕሮቲን፣ ሩቡ ለስታርች ይሁን። ድንችና በቆሎ ከአትክልት ወገን አይቆጠሩም፤ የስታርቹን ሩብ ነው የሚይዙት። በትልቅ ሰሃን ላይ ሩቡ ራሱ ግማሽ ያህል ስለሚይዝ የሰሃኑ ስፋት ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የስታርቹ ሩብ 150 ግራም የበሰለ ምግብ ገደማ ነው፤ የአንድ ሰው ጡጫ ያህል። ይህን ያህል የበሰለ ሩዝ 42 ግራም፣ ፓስታ 45 ግራም፣ የተቀቀለ ድንች 30 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ባለ 30 ግራም አንድ ቁራሽ ዳቦ 15 ግራም ገደማ ነው። ያንኑ 150 ግራም ምስር ብንወስድ 30 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይኖረዋል፤ ከዚያ ውስጥ ግን ወደ 12 ግራሙ ፋይበር ነው፣ ላዩ ላይ 13 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። ምስር፣ ሽምብራና ቦሎቄ የደም ስኳርን ቀስ ብለው የሚያነሱት ለዚህ ነው። በሳምንት ለጥቂት ቀናት የሩዙን ግማሽ በምስር መተካት ከሁሉም ለውጥ ርካሹና ውጤታማው ነው ብለን እናምናለን።

ሲመገቡ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፤ አትክልቱንና ፕሮቲኑን አስቀድመው፣ ስታርቹን መጨረሻ ላይ። ያው ምግብ በዚህ ቅደም ተከተል ሲበላ ከምግብ በኋላ የሚታየው የስኳር ጫፍ ዝቅ ይላል፤ ፋይበር፣ ፕሮቲንና ስብ ቀድመው ሲገቡ ጨጓራ ምግቡን ወደ አንጀት የሚለቅበት ፍጥነት ይቀንሳልና። ተራብኩ ብሎ ምሳ እስኪቀርብ ደረቅ ዳቦ መቁረስ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ሩዝንና ድንችን ቀቅሎ፣ አቀዝቅዞ መብላት ከስታርቹ የተወሰነውን አንጀት የማይፈጨው ዓይነት ያደርገዋል። ጥቅሙ መጠነኛ ነው፣ አደጋው ግን መታወቅ አለበት። ውጭ የዋለ ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሬውስ የተባለ ባክቴሪያ ይራባል፤ የሚተወው መርዝ መልሶ በማሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ በሰፊ ዕቃ ዘርግተው በ1 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡ፣ በማግስቱ ይጨርሱት።

ምግቦች የደም ስኳርን ምን ያህል እንደሚያነሱ የሚያሳየውን ግላይሴሚክ ኢንዴክስ የሚባለውን ሠንጠረዥ ይዘው ምግብ የሚመርጡ አሉ። በ1981 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት ሲሆን ንጹሕ ግሉኮስን 100 ብሎ ሌላውን ከእሱ ጋር ያነጻጽራል፤ 55 እና ከዚያ በታች ዝቅተኛ፣ 70 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። ጉድለቱ መጠንን አለመቁጠሩ ነው። ሐብሐብ በብዙ ሠንጠረዦች ላይ ከ70 በላይ ተመዝግቧል፤ 100 ግራም ሐብሐብ ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት ግን 8 ግራም አይሞላም። በዚህ ቁጥር ፈርቶ ሐብሐብ መተው ስህተት ነው።

ፋይበርን በቀን ቢያንስ 25 ግራም ማድረስ የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚሰጠው ምክር ነው። በአንድ ጊዜ አይጨምሩ። ከ10 ግራም ወደ 30 የዘለለ ሰው ሆዱ ይነፋል፣ ይቆርጠዋል፣ «ምስር አይስማማኝም» ብሎም ይተወዋል። በሳምንት 5 ግራም ያህል ይጨምሩ፣ ውሃም አብረው ይጨምሩ፤ ውሃ የሌለው ፋይበር ድርቀት ያመጣል።

ደረጃ 5፦ ከምግብ በኋላ መንቀሳቀስ

ከዋናው ምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይራመዱ። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ሳይጠብቅም ግሉኮስ ስለሚስብ የደም ስኳሩ ጫፍ ይቀንሳል። ሩጫ አያስፈልግም። ሰዓት መምረጥ ካለብዎት ትልቁን ምግብ ከበሉ በኋላ ያድርጉት።

የስኳር መለኪያ ያላቸው ምግቡን ራሳቸው መፈተን ይችላሉ። ከመብላት በፊት አንድ ጊዜ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከዋጡ 2 ሰዓት በኋላ ሌላ ጊዜ ይለኩ፣ የበሉትንም በግራም ይጻፉ። እጅ ሳይታጠቡ መለካት የተለመደ ስህተት ነው፤ ብርቱካን የነካ ጣት ቁጥሩን በብዙ ከፍ ያደርገዋል።

ስኳር ሲወርድ

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ልኬቱ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ስኳር መቀነስ የሚባል ነገር ይቀራል፤ ወዲያው 15 ግራም ፈጣን ስኳር ይሰጠው። አራት የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም 150 ሚሊ ሊትር መደበኛ ለስላሳ ይበቃል። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ፤ ካልተነሳ ይደገም። ቸኮሌት ለዚህ አይሆንም፤ ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመር፤ በጎኑ አስተኝቶ የሕክምና እርዳታ መጥራት ነው።

ለልጆች

ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ምግቡም መጠጡም ላይ ስኳር አይጨመር። ከ1 ዓመት በታች ላለ ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ምክንያቱ ስኳሩ ሳይሆን በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ነው። ጡጦ ውስጥ የጣፈጠ ነገር አድርጎ ማስተኛት የፊት ጥርሶችን ገና እንደወጡ ያበሰብሳል።

ውጤቱን መቼ ማየት

የስኳር ዕቃውን በ6ኛው ሳምንት እንደገና ይመዝኑ። የጠዋት ባዶ ሆድ የደም ስኳር ልኬት ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ጤናማ፣ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ሕመም ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ በሁለት የተለያዩ ምርመራዎች ከታየ የስኳር ሕመም ይባላል። ያለፉትን ወራት አማካይ የደም ስኳር የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ደግሞ ከ5.7 በመቶ በታች ጤናማ ነው፤ 6.5 እና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመም ነው። ይህን ምርመራ ለውጥ ከጀመሩ በወሩ አያሠሩት። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ምርመራው የድሮውን አመጋገብ ይዞ ይመጣል፤ 3 ወር ሲሞላ ያሠሩት።